ስፌቱን የሚፈታው መምህር

የመምህር ይማምን ማረፍ የሰማሁት ወደ አቀስታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ያውም ለእኔ ያልተነገረ ወሬ ሆኖ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ከትናንት ወዲያ ስለነበረ ቀብር ይጫወታሉ። አንደኛዋ፣ «የሰዉ ብዛት! ክርስቲያኑም እስላሙም ነው የወጣው» አለች። ሌላዋ፣ «ማን ነበሩ ደግሞ?» ብትላት፣ «እኒያ መካነ ሰላም ያስተምሩ የነበሩት መጽሐፍ ቀዳጁ መምህር ናቸዋ! አላህ ይርሐማቸው» አለቻት።

ጎንበስ ብዬ ትከሻዋን ነካ ላደርጋት ፈለግሁ። «መምህር ይማም መጽሐፍ ቀደው አያውቁም፤ ስፌቱን ነበር የሚፈቱት» ልላት። መቅደድና መፍታት አንድ አይደለም፤ የተቀደደ አይመለስም። ነገር ግን ሚኒባሱ ይናጣል፣ ሴቶቹ ወደ ሌላ ወሬ አልፈዋል፣ እኔም ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ከድሮም አይሆንልኝም። አፌ ላይ የቀረውን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

መምህር ይማም ቀጭን ሰው ነበሩ። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ በበጋም በክረምትም ተቆልፎ ነው የሚውለው። በደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ምላጭ አይጠፋም። ሌላው አስተማሪ ሲናደድ ይጮሃል፤ እሳቸው ሲናደዱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ በጣም ሲናደዱ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ልጅ ብቻ ነው የሚሰማቸው። የሚያናድዷቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ የሚገልጥ ሰውና የተቆለፈ መጽሐፍ።

የተቆለፈ መጽሐፍ ያልኩት ወድጄ አይደለም። የትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት መጽሐፍ ነበረው። ግን የጠፋ መጽሐፍ ከፈረመው ሰው ደሞዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ በሩን ቆልፈው ቁልፉን በወገባቸው ይዘው ይዞራሉ። ተማሪው ከሰሌዳ ይገለብጣል። አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ምስጥ ከታች ጀምሮ እስከ ወገቡ የበላው ክምር ተገኘ። መምህር ይማም አንዱን አንስተው ትቢያው በጣቶቻቸው መካከል እየፈሰሰ፣ «ተነቦ ያለቀ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ተቆልፎ ያለቀ ግን ይኸውና» አሉ። ድምፃቸው እንዴት ዝቅ ብሎ እንደነበር ያኔ የነበረ ሰው ያውቃል።

እኔ ግን ያወቅኋቸው ከዚያ በፊት፣ በድርቁ ጊዜ ነው።

ከወግዲ በላይ ካለችው መንደራችን ወጥተን፣ አባቴን መንገድ ላይ ቀብረን፣ እኔና እናቴ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተጠግተን ነበር። ዕድሜዬ ለመዳር የደረሰ እንጂ ለትምህርት የሚሆን አልነበረም። መንገዱ መኪና የሚያስገባው በበጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጣ መኪና ሁሉ የእህል መኪና ነው ብለን እናምናለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና እየተንገዳገደ መጣ። ጆንያ ጭኗል። ሳይቆም ሰዉ ወረረው። እኔም ወጣሁ። የአንዱን ጆንያ አፍ በጥርሴ ይዤ ክሩን በጣጥሼ እጄን ሰደድኩ።

የነካሁት ስንዴ አልነበረም። ማዕዘን ነበረው። ጎትቼ ባወጣው መጽሐፍ ነው። ሌላውም ጆንያ መጽሐፍ ነው፤ ደሴ ያሉ ትምህርት ቤቶች አርጅቷል ብለው የጣሉት አሮጌ የክፍል መጽሐፍ።

ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ፣ «እኛ እንደ ቅጠል ስንረግፍ ወረቀት ይጫንልን?» ብለው መጽሐፉን አቧራ ላይ ወረወሩት። ሾፌሩ ደንግጦ በመስኮቱ ብቅ አለና፣ «እህሉን እኔ ከለከልኩ እንዴ! ደሴ ነው ያለው፣ አላስጫኑኝም! ባዶህን ከምትመለስ ብለው ይህን ያስጫኑኝ መምህሩ ናቸው!» ብሎ ጣቱን ቀሰረ።

የቀሰረው ጭነቱ ላይ ወደ ቆሙት መምህር ይማም ነው። ሰዉ ድንጋይ ሁሉ አንስቶ ነበር። ይምላሉ፣ ይለምናሉ፣ ይሸሻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ «ልክ ናችሁ። እህል ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወርደው አቧራ ላይ የወደቀውን መጽሐፍ አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ድንጋይ የያዘ ሰው የሚወረውርበት ነገር አጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይመቱኛል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

«ስፌቱን በጥርስሽ ነው የፈታሽው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ጆንያውን ገልብጠው አዩት። «ጎበዝ። ጆንያው አልተቀደደም» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን ተማሪው ሁሉ ስለተበተነ ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል። መምህር ይማም ዳይሬክተሩን ለምነው ክፍሎቹን ለስደተኛ አስከፈቱ። ማታ የተኛንበትን ወለል ጠዋት ጠርገን ስንጨርስ እሳቸው ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ የተቀመጠ ይማራል፣ ያልፈለገ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ተቀመጥኩ። እናቴ አልወደደችውም።

«መምህር፣ ይህ ወረቀት ይበላል?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«አይበላም፣ እትዬ። እኔ ግን እሱን ይዤ ነው የምበላው» አሉ።

እናቴ አሰበችበት። «እንግዲያ እሷም ትያዘው» አለች። ትምህርት የጀመርኩት በዚህ ፈቃድ ነው። እህሉ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፣ ዝናቡም ተመለሰ፤ እኛ ግን ወደ መንደራችን አልተመለስንም። ጡት የጣሉ ከሚመስሉ ሕፃናት መካከል የጎልማሳ ቁመት ይዤ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ሁለት ሁለት ክፍል እየዘለልኩ ወጣሁ።

አሁን የስፌቱን ነገር ልናገር። የደሴ መጽሐፎች በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያልገቡ፣ ማንም ያልፈረመባቸው ስለነበሩ መምህር ይማም እንደፈለጉ ያደርጓቸዋል። ችግሩ መጽሐፉ ጥቂት፣ ልጁ ብዙ መሆኑ ነው። አባታቸው የገጠር ሼህ ነበሩ። በአባታቸው ቤት ቁርኣን በሠላሳ ጁዝ ተከፋፍሎ በቆዳ ማኅደር ይቀመጣል፤ ሐዘን ወይም ስለት ሲኖር የተሰበሰበው ሰው አንድ አንድ ጁዝ ይወስድና ሁሉም በየድርሻው ሲያነብ፣ ብቻውን ቀናት የሚፈጀው በአንድ ረፋድ ሙሉው ተነቦ ይኸተማል። መምህር ይማም ይህንን አምጥተው የሳይንስ መጽሐፍ ላይ አዋሉት። መስከረም ሲጠባ ምላጫቸውን ያወጣሉ፤ ሽፋኑን ያላቅቃሉ፣ ክሩን አንድ በአንድ ይበጥሳሉ፣ መጽሐፉን በየእጥፉ፣ አብረው በታጠፉት ገጾች፣ ይለያዩታል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እጥፍ። ልጁ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ያጠናዋል፣ ለጓደኞቹ ያስረዳል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሽፋኖቹ እሳቸው ቤት ሣጥን ውስጥ ይከርማሉ። ሰኔ ላይ ሁሉም ይሰበሰብና መልሰን እንሰፋዋለን፤ መስፋቱን ለእኔ አስተማሩኝ። ጥርሴን ያስታውሱ ነበር መሰለኝ።

ልጆቹ እጥፉን ጁዝ ይሉት ነበር። የቄስ ልጅም፣ የሼህ ልጅም። «ጁዝሽን ጨረስሽ?» «ጁዜን ላም ልትበላብኝ!» ይባባላሉ። ታዲያ አንድ ቀን የአንዱ ተማሪ አባት፣ ቄስ ናቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍል ድረስ መጡ።

«ይማም! ልጄ ጁዝ ይዞ ቤቴ ገባ። ምን እያስተማርከው ነው?»

«አባ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ጁዝ አይደለም እንዴ?»

መምህር ይማም እጥፉን ከልጁ ተቀብለው ገለጡላቸው። ስለ ላም ሆድ የሚያወራው ክፍል ነበር፤ ሆዷ በአራት ተከፍሎ ተሥሏል። «አባ፣ ይቺ ላም እስላም ናት ክርስቲያን?» አሉ።

ቄሱ ሥዕሉን ዘለግ ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ጢማቸው ሥር ሳቅ ሲመጣ አየሁት። «እሱስ ስትታረድ ነው እንጂ የሚለየው፣ በቁሟማ የሁላችንም ናት» አሉና ቁጭ ብለው የሣር ጉዞ ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው እስኪያልቅ ድረስ ከልጃቸው ጋር ተማሩ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነበር። የከፋው በኋላ መጣ።

ንጉሡ ወርደው፣ ቀበሌ ተቋቁሞ፣ ዓመታት አለፉ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ደረስኩ፤ የብሔራዊ ፈተና ክፍል ነው። በዚያ ዓመት ከደሴ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ስለ ወረቀት ሆነ። በከተማው ውስጥ ሕገወጥ ወረቀት ይበተናል፤ ወረቀት የተገኘበት አይመለስም። ፍርሃቱ ከመኪናው ቀድሞ እኛ ጋ ደረሰ። ሰው የልጁን ደብዳቤ ማቃጠል ጀመረ። አንዳንዱ ስኳር የተጠቀለለበትን እንኳ አቃጠለ።

መምህር ይማምን፣ «መምህር፣ ዘንድሮ ባይፈቱትስ?» አልኳቸው። «ዘንድሮ ነው እንጂ ፈተናው» አሉኝ።

የካቲት ላይ ብርቄ የምትባል የክፍላችን ትንሽ ልጅ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከከተማ መውጫው ላይ የአብዮት ጥበቃ ፈተሻት። የያዘችው እጥፍ ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና አምፖል ተሥሎበታል፤ ቀስቶች አሉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጁዜ ናት።»

«ሽፋኑስ የት አለ?»

«መምህር ይማም ጋ።»

ጠባቂው ሽፋን የሌለው ወረቀት፣ ሽቦ፣ ቀስት አየ። ቦምብ ነው አለ። በማግሥቱ መምህር ይማም ታሠሩ፤ ቤታቸው ተፈተሸ። ከአልጋቸው ሥር የተገኘው ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ አንድ ሣጥን ሙሉ ውስጥ የሌለው የመጽሐፍ ሽፋን። በዚያ ሰሞን ከደሴ የመጣ ወጣት ካድሬ ከተማችን ውስጥ ነበር፤ ትሑት፣ ድምፁ ለስላሳ። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ገለበጠና፣ «ገባኝ። የመንግሥት ሽፋን አውልቆ የራሱን ጽሑፍ ያለብሰዋል» አለ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ አበጋዝንም አዘዘ፤ «ልጅቷ የያዘችው ከመጽሐፍ የወጣ ከሆነ ነገ ጠዋት የቀረውን ያምጣ። ካላመጣ ይዤው እሄዳለሁ።»

ይዤው እሄዳለሁ ማለት ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም።

እሥር ቤቱ የቀበሌው መጋዘን ነው፤ ትንሽ መስኮት አለው። መምህር ይማም በመስኮቱ ጠሩኝ። «የሺ፣ ልጆቹን ጥሪልኝ። ጁዛቸውን ይዘው ይምጡ። የፈራውን አታስገድጂ» አሉኝ።

የብርቄ እጥፍ የወጣበት የክፍላችን መጽሐፍ ስምንት እጥፍ ነው። ቤት ለቤት ዞርኩ። ወላጆች በር እየከፈቱ እጄን ያያሉ፣ ግራ ቀኝ ይቃኛሉ። አንዷ እናት እጥፉን ዱቄት ውስጥ ቀብራው አገኘኋት። አንዱ አባት ከጣሪያው ሣር ውስጥ መዞ አወጣው። የእኔና ከብርቄ ላይ የተያዘው ሲጨመሩ ሰባቱ ተገኙ። የቀረው የላም ሆድ ያለበት ነው፤ ያንን የያዘችው መዲና ናት። መዲና የሊቀመንበሩ የጓድ አበጋዝ ልጅ ናት።

በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። ገና ሳልናገር ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝ።

«የለም፣ ልጄ። ተቃጥሏል።»

«ማን አቃጠለው?»

«እሱ ራሱ! ‹የሊቀመንበር ቤት ወረቀት ተገኘ ሲባል ልሰማ ነው?› ብሎ ቤቱን አራግፎ ምድጃ ውስጥ ማገደው። መዲና እያለቀሰች ብትጎትተው መቼ ሰማት? ምን እንደማገደ እንኳ አላየ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ የደሴው ልጅ ከሰማ የማስረጃ ወረቀት አጠፋህ ብሎ እሱን ነው የሚበላው። ልጄንም ይጠይቃታል። በአላህ ይዤሻለሁ፣ የሺ።»

ከጓዳ የመዲና ልቅሶ ይሰማል።

ወደ መስኮቱ ተመልሼ ነገርኳቸው። «ሱብሃን አላህ» አሉ መምህር ይማም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ጆሮዬን ፍርግርጉ ላይ አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «የልጅቷ ስም ካንቺም ከእኔም አፍ አይወጣም።»

ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገባን። ካድሬው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጓድ አበጋዝ ከጎኑ እስክሪብቶ ይዞ ቃል ይጽፋል። መምህር ይማም ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አለ። እኛ አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። አንድ በአንድ እየተነሣን እጥፋችንን ጠረጴዛው ላይ አኖርን። ከብርቄ ላይ የተያዘውን፣ ባትሪና ሽቦ ያለበትን፣ ጠባቂው አኖረው። ካድሬው በገጽ ተራ ደረደራቸው፤ ፈጣን አንባቢ ነው። መሃል ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«መሃሉ የለም።»

«የለም» አሉ መምህር ይማም።

«መርዝ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው» አለ ካድሬው ፈገግ ብሎ። «ምን ነበረበት?»

«የላም ሆድ።»

ጠባቂው ሳቀ፤ ካድሬው ሲያየው ተወ።

«ማን ነበር የያዘው?»

«እኔ። ጠፋብኝ።»

ጓድ አበጋዝ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ። «ጠፋብኝ? አንተ? ቁራጭ ጠመኔ ጠፍቶብህ የማታውቅ ሰው! ይልቅ ስሙን ተናገርና ልጁን እናምጣው። ለማን ብለህ ነው የምትሞተው?»

መምህር ይማም ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምቄ ይዣለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ‹ቤትህ› ቢሉት ያበቃ ነበር።

«የክፍሉ ልጆች እነዚህ ብቻ ናቸው?» አለ ካድሬው።

ጓድ አበጋዝ ልጆች መኖራችንን ገና ያየ ይመስል ወደ አግዳሚው ዞረ። ከዳር ጀምሮ አየን። እኔን፣ ብርቄን፣ የቄሱን ልጅ፣ ሌሎቹን። ዓይኑ ተመልሶ እንደገና ከዳር ጀመረ። የሚፈልጋትን አጣት። ከፊቱ ላይ ደሙ ሲሸሽ ዓይኔ እያየ ነው። መምህር ይማምን አያቸው፤ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ቀለሙ ይሰፋ ጀመር።

የካድሬው ትዕግሥት እያለቀ ነው። እጥፎቹን ሰብስቦ በላስቲክ ሊያስር ሲል ተነሣሁ። ሳይጠሩኝ ተነሥቼ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልስፋው።»

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። እንዲህ ሆኖ ደሴ ከሄደ ወረቀት ነው። ከተሰፋ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ የመንግሥት ማኅተም አለው።»

«የሺ፣ ተቀመጪ» አሉ መምህር ይማም። «ተሰፍቶ ከእኔ ጋር ከሚሄድ እንዲሁ ለእናንተ ይቅር። ፈተና አለባችሁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ቆልፈው መጽሐፉን ይልቀቁልኝ።» ይህንን ያሉት ለእኔ አይደለም፤ ለካድሬው ነው።

ካድሬው ነገሩ ሳያዝናናው አልቀረም። «ትስፋው» አለ። «የጆንያ መርፌ አታጡም መቼም።»

መርፌውን ለማምጣት የተነሣው ጓድ አበጋዝ ራሱ ነው። ክሩንም ራሱ ሊያስገባልኝ ሞከረ። አልገባለትም። ተቀበልኩት።

መምህር ይማም ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ያን ቀን ተቆጡኝ። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ የመጀመሪያውን እጥፍ ስወጋ፣ «አልኩሽ እኮ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከክሩ የቀጠነ ነበር። «ይቅርታ፣ መምህር» አልኩና ወጋሁ። እጥፉን ከእጥፉ አያያዝኩ። የጎደለው ቦታ ስደርስ ክሩ ላላብኝ፤ ሁለት ጊዜ አዙሬ አጠበቅሁት። ሽፋኑን አለበስኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ካድሬው ተቀብሎ ከፍቶ ዘጋው፤ እንደገና ከፍቶ ዘጋው። አሁን እጁ ውስጥ ያለው ነገር ስም ነበረው። «መሃሉስ?» አለ፤ ግን ቅድም እንዳለው አድርጎ አይደለም።

«መሃሉ የላም ሆድ ነው» አለ ጓድ አበጋዝ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለው ካድሬው።

«ልጄ ስታነብ ሰምቻለሁ። ሆዷ አራት ነው። መጀመሪያ የምትውጠው…» እጁን ወደ አግዳሚው ዘረጋ። «እዚህ ክፍል ነው የምትማረው።»

«ታዲያ የት አለች?»

ጓድ አበጋዝ አፉን ከፈተ።

«አሟት ቀርታለች» አሉ መምህር ይማም፣ ፈጠን ብለው። «እኔን አስፈቅዳለች።»

ካድሬው ከአንደኛው ወደ ሌላው አየ። በመካከላቸው የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልደረሰበትም። ጓድ አበጋዝ ሳይታዘዝ ወረቀት ስቦ፣ መጽሐፉ የትምህርት መጽሐፍ መሆኑን ቀበሌው ያረጋግጣል ብሎ ጻፈ፤ በማኅተሙም ሁለት ጊዜ መታው። ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ አደረገው። ቢሆንም መምህር ይማምን መኪና ላይ አወጣቸው። መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ነበር። እሳቸው ሲወጡ ወደ እኔ አልዞሩም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ለመጻፍ ይከብደኛል። ከጭንቅላታችን አጠናን። እያንዳንዱ የያዘውን ጁዝ ያስታወሰውን ያህል ይነግረናል፤ ያላስታወሰው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። መዲና ትመጣለች፤ ጥግ ትቀመጣለች፤ የላም ሆድ ተራ ሲደርስ ትነሣና ትወጣለች።

ግንቦት ላይ፣ ትምህርት በመካሄድ ላይ ሳለ፣ የክፍሉ በር ተከፈተ። መምህር ይማም ናቸው። ቤታቸው ሳይገቡ ከመኪና ወርደው በቀጥታ መምጣታቸው ከአቧራው ያስታውቃል። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ ተቆልፏል፤ አንገታቸው ግን ውስጡ ይዋልላል። ተነሥተን ቆምን። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ከደረት ኪሳቸው፣ ሲለቀቁ የተመለሰላቸውን ምላጭ ሊያወጡ ሞከሩ። ሁለቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም። የተጠቀለለበትን ወረቀት መፍታት አቃታቸው። እንዳላየ ሆነን አየን።

«የሺ፣ ነይ» አሉኝ።

ሄድኩ። ምላጩን ሰጡኝ።

«ደሴ ላይ ስንቱ ጎተተው መሰለሽ» አሉ፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። «አልላላም። መጽሐፍ ነው ብለው ለቀቁን። አንቺ የሰፋሽውን አንቺ ፍቺው። ፈተናው ደርሷል።»

ክሮቹን አንድ በአንድ በጠስኩ። አጥብቄ ስለነበር ጊዜ ወሰደብኝ፤ አላስቸኮሉኝም። ሽፋኑን ለይቼ የመጀመሪያውን እጥፍ በግራ እጃቸው አኖርኩላቸው። ይዘውት በወንበሮቹ መካከል አለፉና ጥጉ ላይ ከተቀመጠችው ልጅ ፊት ቆሙ።

መዲና ተነሣች። እጇን አልዘረጋችም። «መምህር፣ የእኔን ጁዝ አባቴ…»

«ከመጀመሪያው ገጽ» አሏት፣ እጥፉን ፊቷ ላይ እያኖሩ። «ጮክ ብለሽ አንብቢ። ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ።»